የሽንኩርቱ ህዋስ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ ያልታየው ለምንድን ነው? ቀይ የደም ህዋስስ ባክቴሪያ ነው?

ጥያቄ፦ «የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን 4፣ 10፣ 40 እና 100 የሚሉ ሌንሶች ያሉት ማይክሮስኮፕ አለው። ተማሪዎቼን የሽንኩርት ልጣጭና የጉንጭ ህዋስ ባሳያቸው ከግድግዳውና ከኒውክለሱ በቀር ያዩት ነገር የለም። መጽሐፉ ላይ ያሉት ሚቶኮንድሪያ፣ ራይቦዞምና ጎልጂ የሚባሉት የህዋስ ውስጥ ክፍሎች የሉም። 2000 እጥፍ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ይጠቅመናል? በዚያው ላይ ‹ኒውክለስ የሌለው ህዋስ ፕሮካርዮት ይባላል› ብዬ ሳስተምር አንድ ተማሪ ‹እንግዲያው ቀይ የደም ህዋስ ባክቴሪያ ነው?› አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?»

ምላሽ፦

2000 እጥፍ ያጎላል የተባለውን ማይክሮስኮፕ አይግዙ። እጃችሁ ላይ ያለው ለዚህ ክፍል ትምህርት ይበቃል፤ የጎደለው ማቅለሚያና የብርሃን አያያዝ ነው። ተማሪው የጠየቀው ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መስተካከል ያለበት የተማሪው አስተያየት ሳይሆን «ኒውክለስ የሌለው ሁሉ ፕሮካርዮት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለቱም ችግሮች የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል የአንድ እውነተኛ ህዋስ ፎቶ አድርጎ ከመውሰድ።

ከማጉላት እንጀምር። ማይክሮስኮፕ ላይ የሚጻፈው የማጉያ ቁጥር ምስሉ ስንት እጥፍ እንደሚተልቅ ይናገራል እንጂ ምን ያህል ዝርዝር እንደሚይዝ አይናገርም። ዝርዝርን የሚወስነው ተጠጋግተው ያሉ ሁለት ነጥቦችን ሁለት አድርጎ የማሳየት አቅም ነው። ይህ አቅም በብርሃን የሞገድ ርዝመትና ሌንሱ ብርሃን በሚሰበስብበት ስፋት የተገደበ መሆኑን ኤርንስት አቤ የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1873 አስረድቷል። ሌንሳችሁን አዙረው ይመልከቱት፤ 40 ከሚለው ቁጥር ጎን አብዛኛውን ጊዜ 0.65 የሚል ተጽፎ ያገኛሉ። ወሳኙ ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 0.55 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ነው ብለን ለ0.65 እጥፍ፣ ማለትም ለ1.3 ብናካፍለው 0.42 ማይክሮሜትር ይመጣል። ከዚህ በታች ተጠጋግተው ያሉ ነገሮች በዚያ ሌንስ አንድ ሆነው ይታያሉ። በዘይት የሚሠራው ባለ 100 ሌንስ ላይ ያለው ቁጥር በአብዛኛው 1.25 ስለሆነ ወሰኑ ወደ 0.22 ማይክሮሜትር ይወርዳል። በተራ ብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ከ0.2 ማይክሮሜትር ብዙም አያልፍም።

ጠቃሚ የሚባለው ከፍተኛ ማጉላት በግርድፉ ይህን የሌንስ ቁጥር በ1000 በማባዛት ይገኛል። ባለ 40 ሌንስ እስከ 650 እጥፍ፣ ባለ 100ው እስከ 1250 እጥፍ ቢያጎሉበት ዋጋ አለው። 2000 እጥፍ የሚባሉት መሣሪያዎች በአብዛኛው ያንኑ ባለ 100 ሌንስ ይዘው በዓይን በኩል ያለውን ሌንስ ከ10 ወደ 20 የቀየሩ ናቸው። ደብዛዛ ፎቶ ስልክ ላይ በሁለት ጣት ሲያሰፉት ድብዝዝታው ይሰፋል እንጂ አዲስ ነገር አይወጣም፤ ይህም እንዲሁ ነው።

አሁን መጽሐፉ ላይ ያሉትን ክፍሎች ከዚህ ወሰን ጋር ያስተያዩአቸው። ኒውክለስ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር፣ ክሎሮፕላስትም (እጽዋት ምግብ የሚሠሩበት አረንጓዴ ክፍል) እንዲሁ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ስለሚደርሱ በባለ 40 ሌንስ በሚገባ ይታያሉ። ራይቦዞም ከ20 እስከ 30 ናኖሜትር ነው፤ ናኖሜትር የማይክሮሜትር አንድ ሺኛ ስለሆነ ከወሰኑ በሰባትና በአሥር እጥፍ ያንሳል። የህዋስ ሽፋን ውፍረቱ ከ7 እስከ 10 ናኖሜትር ነው። ተማሪዎች የጉንጭ ህዋስ ሲያዩ «የህዋስ ሽፋን» ብለው ቀስት የሚያመለክቱበት መስመር ሽፋኑ ራሱ አይደለም፤ ህዋሱ የሚያበቃበት ጠርዝ ነው። ይህን አንዴ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ያላዩትን አየን ብለው እንዲስሉ እያስለመድናቸው ነው።

ሚቶኮንድሪያ ግን ለየት ይላል። ብዙዎች «በብርሃን ማይክሮስኮፕ አይታይም» ብለው ያስተምራሉ፤ ይህ ልክ አይደለም። ውፍረቱ ከ0.5 እስከ 1 ማይክሮሜትር ስለሆነ ከወሰኑ በላይ ነው። የማይታየው ቀለም ስለሌለው ነው፤ ብርሃን እንዳለ ያሳልፋል፣ ከዙሪያው ሳይቶፕላዝምም (ህዋሱን ከሚሞላው ዝልግልግ ፈሳሽ) አይለይም። ጃኑስ ግሪን ቢ የተባለ ማቅለሚያ በሕያው ህዋስ ውስጥ ሚቶኮንድሪያን ለይቶ ሰማያዊ አረንጓዴ ያደርጋል፤ ያኔ በዘይት ሌንስ እንደ ነጠብጣብና እንደ አጭር ክር ሆኖ ይታያል። ውስጡ ያለው የተጣጠፈ ሽፋን ግን በምንም ማቅለሚያ አይወጣም። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ የ«አይታይም» ምክንያቶች እንዳሉ ልብ ይበሉ፤ አንዱ ከብርሃን አቅም በታች ማነስ፣ ሌላው ከዙሪያው አለመለየት ነው። የመጀመሪያውን ማቅለሚያ አይፈታውም፤ ሁለተኛውን ይፈታዋል። ማቅለሚያ መግዛት ትልቅ ማይክሮስኮፕ ከመግዛት የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በተለያዩ መሣሪያዎች የተገኘ እውቀት ተሰብስቦ የተሣለ ነው። ኒውክለስን በእጽዋት ህዋስ ውስጥ አስተውሎ ስም የሰጠው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ብራውን በ1831 ነበር። ካሚሎ ጎልጂ በስሙ የተጠራውን ክፍል በብር ውሁድ ባቀለመው የነርቭ ህዋስ ውስጥ ያገኘው በ1898 ሲሆን፣ ሚቶኮንድሪያ የሚለው ስም የተሰጠውም በዚያው ዓመት ነው። የመጀመሪያው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በጀርመን የተሠራው በ1931 ነው። ራይቦዞም በጆርጅ ፓላዴ የተገለጸው በ1955 ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለዚህ ዝርዝር የሚያስከፍለውም ዋጋ አለ፤ ናሙናው ይገደላል፣ ውሃው ይወጣል፣ ከ100 ናኖሜትር በታች ተደርጎ ይቆረጣል፣ በከባድ ብረቶች ይታከማል፣ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ይገባል። ኤሌክትሮን ቀለም ስለማያሳይ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። መጽሐፉ ላይ ሚቶኮንድሪያው ብርቱካናማ፣ ጎልጂው ሮዝ የሆነው በሠዓሊው ምርጫ ነው፤ ፈተና ላይ «ሚቶኮንድሪያ ቀለሙ ምንድን ነው» የሚል ጥያቄ ሊኖር አይገባም።

ሥዕሉ ሌላም ነገር ያሳስታል፤ «የእንስሳ ህዋስ»፣ «የእጽዋት ህዋስ» የሚባል አንድ ዓይነት ነገር ያለ ያስመስላል። የምንበላው የሽንኩርት ክፍል የሚያድገው አፈር ውስጥ ብርሃን ሳያይ ስለሆነ የልጣጩ ህዋሳት ክሎሮፕላስት የላቸውም፤ እጽዋት መሆናቸውን ግን ማንም አይክድም። ክሎሮፕላስት ማሳየት ከፈለጉ የቆስጣ ቅጠል በስተጀርባው በኩል ቀስ ብለው ቀደድ አድርገው ስስ ልጣጩን ይውሰዱ። የቅጠሉን መተንፈሻ ቀዳዳ የሚከፍቱና የሚዘጉት ጥንድ ህዋሳት ውስጥ አረንጓዴ ፍሬዎች ይታያሉ፤ ከጎናቸው ያሉት የልጣጩ ህዋሳት ግን ባዶ መስለው ይቀራሉ። አንድ ቅጠል፣ አንድ ልጣጭ፣ ጎን ለጎን ያሉ ህዋሳት፣ ግን የተለያየ ሥራና የተለያየ ዕቃ አላቸው። ስለ ህዋስ ዓይነቶች ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ ተማሪው ጥያቄ እንምጣ። ቀይ የደም ህዋስ ፕሮካርዮት አይደለም። ፕሮካርዮት የሚባለው በዘር ውርሱ ኒውክለስ ሠርቶ የማያውቅ፣ ዲኤንኤው ግን ያለ፣ ያም ዲኤንኤ በሽፋን ሳይከለል ሳይቶፕላዝሙ ውስጥ የሚገኝ ህዋስ ነው። ባክቴሪያዎችና አርኪያዎች (ባክቴሪያ የሚመስሉ ሌሎች ባለ አንድ ህዋስ ደቃቅ ፍጥረታት) በዚህ ወገን ናቸው። ባክቴሪያ ኒውክለስ ባይኖረውም ዲኤንኤውን ያነባል፣ ፕሮቲን ይሠራል፣ ይከፈላል። የሰው ቀይ የደም ህዋስ ደግሞ መቅኒ ውስጥ ሲወለድ ኒውክለስ ነበረው። እየበሰለ ሲሄድ ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል፣ ቀጥሎም ራይቦዞሙንና ሚቶኮንድሪያውን ያጣል። ደም ውስጥ የምናየው ዲኤንኤ የሌለው፣ መከፈል የማይችል፣ አዲስ ፕሮቲን መሥራት ያቆመ፣ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን የታጨቀበት ህዋስ ነው። ዕድሜውም 120 ቀን ያህል ነው፤ ራሱን የሚጠግንበት መመሪያ ስለሌለው ካረጀ በኋላ ጣፊያና ጉበት ያስወግዱታል። ስለዚህ አንዱ መጀመሪያውኑ ያልነበረው፣ ሌላው ኖሮት የጣለው ነው። ለተማሪው ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሩት ይበቃዋል። የክፍሉ ማስታወሻ ላይ ያለውን ትርጉምም እንዲህ ያርሙት፦ «ፕሮካርዮት ዲኤንኤው በኒውክለስ ሽፋን ያልተከለለና ሌሎች ባለ ሽፋን ክፍሎች የሌሉት ህዋስ ነው።» ዲኤንኤ ስለሌለው ቀይ የደም ህዋስ ከዚህ ትርጉም ውጭ ይሆናል።

ቀይ የደም ህዋስን «ልዩ ሁኔታ» ብሎ ማለፍም ትክክል አይመስለኝም። ሰውነታችን ወደ 30 ትሪሊዮን የሚጠጉ ህዋሳት እንዳሉት ይገመታል፤ ከእነዚህ ውስጥ በቁጥር ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቀይ የደም ህዋሳት ናቸው። በብዛት ከሄድን መጽሐፉ ላይ ያለው «የተለመደ የእንስሳ ህዋስ» ነው እንግዳው። ቀሪዎቹም ቢሆኑ ከሥዕሉ ጋር አይገጥሙም። የአጥንት ጡንቻ ህዋስ በርካታ ኒውክለሶች አሉት፤ የጉበት ህዋስ ብዙ ጊዜ ሁለት ይኖረዋል፤ ከጀርባ አከርካሪ እስከ እግር ጣት የሚሄደው የነርቭ ህዋስ ጅራቱ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ፕላትሌት ደግሞ ሙሉ ህዋስ አይደለም፤ መቅኒ ውስጥ ካለ ትልቅ ህዋስ የተቆረሰ ቁራጭ ነው። በእጽዋትም ቢሆን ስኳር የሚያመላልሰው የፍሎየም ቱቦ ህዋስ ሲበስል ኒውክለሱን ያጣና ጎኑ ባለው አጋር ህዋስ እርዳታ ይኖራል። ኒውክለስ መጣል የአጥቢዎች ቀይ ደም ብቻ ባሕርይ አለመሆኑን ለማሳየት ይህ ይጠቅማል።

ፕሮካርዮትንና ዩካርዮትን (ኒውክለስ ያለውን ወይም ኖሮት የጣለውን የህዋስ ወገን) መለየት ለፈተና ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። ፔኒሲሊን የሚያጠቃው ባክቴሪያ ግድግዳውን የሚገነባበትን ሥራ ነው፤ የእኛ ህዋሳት ግድግዳ ስለሌላቸው አይነካቸውም። ቴትራሳይክሊንና ኤሪትሮማይሲን የባክቴሪያን ራይቦዞም የሚይዙት ከእኛው ሳይቶፕላዝም ራይቦዞም በመጠንና በአሠራር ስለሚለይ ነው። ቫይረስ ግን ህዋስ ስላልሆነ ግድግዳም ራይቦዞምም የለውም፤ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን መዋጥ ዋጋ የማይኖረው ለዚህ ነው። ይህን ትምህርት ሰምቶ ቤቱ የገባ ተማሪ ለቤተሰቡ የሚጠቅም ነገር ይዞ ይሄዳል።

አሁን በእጃችሁ ባለው መሣሪያ ምን ማሳየት እንደምትችሉ ልዘርዝር። ለሽንኩርቱ ቀይ ሽንኩርት ቆርጠው ከሥጋማው ሽፋን ሆድ በኩል፣ ማለትም ከገባው ጎን፣ ስሱን ልጣጭ በጥፍር ወይም በመቆንጠጫ ይሳቡ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር በግማሽ ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ስላይዱ ላይ ባለ ጠብታ ውሃ ላይ ሳይታጠፍ ይዘርጉት፤ ከታጠፈ ሁለት ድርብ ህዋስ ተደራርቦ ይታይና ተማሪው ግድግዳው የተጠላለፈ ይመስለዋል። አንድ ጠብታ አዮዲን ይጨምሩ፣ 2 ደቂቃ ይቆዩ፣ ከቨር ስሊፑን (ናሙናውን የሚሸፍነውን ስስ መስታወት) በአንድ ጠርዙ አስደግፈው ቀስ ብለው ያሳርፉ። ቀጥ አድርገው ከጣሉት አየር ይዘጋበታል፤ ጥቁር ወፍራም ጠርዝ ያለው ፍጹም ክብ ነገር ከታየ የአየር አረፋ ነው፤ ብዙ ተማሪዎች ህዋስ ነው ብለው የሚስሉት እሱን ነው። አዮዲን ከሌለ ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጠውን የቁስል ፖቪዶን አዮዲን በእኩል ውሃ አቅጥነው መጠቀም ይቻላል።

«አንዳንዱ ህዋስ ኒውክለስ የለውም» የሚል ተማሪ ሁሌም ይኖራል። በባለ 40 ሌንስ በአንድ ጊዜ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት አንድ ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የሽንኩርቱ ህዋስ ግን ጥልቀቱ በአሥር የሚቆጠር ማይክሮሜትር ነው። ትልቁ ቫኩዩል፣ ማለትም ህዋሱ ውስጥ ያለው ውሃማ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት፣ ኒውክለሱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ገፍቶታል። ትንሹን ማስተካከያ በዝግታ ሲያዞሩት ከአንዱ ህዋስ ኒውክለስ ይጠፋና ከጎረቤቱ ብቅ ይላል። ይህን እያንዳንዱ ተማሪ በገዛ እጁ እንዲያደርገው ይፍቀዱ፤ ህዋስ ጠፍጣፋ ሥዕል አለመሆኑን በቃል ከመንገር ይልቅ በዚህ ቶሎ ይገባቸዋል።

የህዋስ ሽፋንን በቀጥታ ማየት አይቻልም ብያለሁ፤ መኖሩን ግን ማረጋገጥ ይቻላል። የሽንኩርቱን ሥጋማ ሽፋን ከውጭ በኩል፣ ሐምራዊ ከሆነው ጎን ይላጡ። ቀለሙ ቫኩዩሉ ውስጥ ስላለ ማቅለሚያ አያስፈልግም። በውሃ አድርገው ካዩት በኋላ 5 ግራም ጨው በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙተው ከከቨር ስሊፑ አንድ ጎን ጠብ ያድርጉ፤ በሌላው ጎን ሶፍት አስጠግተው ውሃውን ይሳቡ። በ2 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ሐምራዊው እየተሰበሰበ ከግድግዳው ይላቀቃል። ግድግዳው ቅርጹን ሳይለቅ ባለበት ይቀራል፣ ቀለሙ ግን ወደ መካከል ይኮማተራል። ቀለሙን ሳያፈስስ የያዘው የማይታየው ሽፋን ነው። ወዲያው በንጹሕ ውሃ ቢተኩት ይመለሳል፤ ብዙ ካቆዩት ግን ህዋሱ ይሞትና ቀለሙ ይፈስሳል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ግድግዳን፣ ሽፋንንና ቫኩዩልን አንድ ላይ የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም፤ ዋጋው አንድ ሽንኩርትና አንድ ማንኪያ ጨው ነው።

ለጉንጭ ህዋስ ሜቲሊን ብሉ ይሻላል። ተማሪው በጥጥ ዘንግ የራሱን ጉንጭ ውስጥ ቀስ ብሎ አሽቶ ስላይዱ ላይ ይቀባ፣ ይድረቅ፣ አንድ ጠብታ 1 በመቶ የሆነ ማቅለሚያ ይጨመር፣ ከ1 ደቂቃ በኋላ ትርፉ በውሃ ይታጠብ። ሁሉም ሰማያዊ ከሆነ ማቅለሚያው በዝቷል፤ ኒውክለሱ ከሳይቶፕላዝሙ ካልለየ በ5 እጥፍ አቅጥነው ይድገሙት። የጉንጩ ህዋስ ላይ ተበታትነው የሚታዩት ደቃቅ ነጠብጣቦች ብዙዎቹ የአፍ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጥጡን የሌላ ሰው አፍ አይንካው፤ የተጠቀሙበትን ጥጥና ስላይድ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ውስጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉት።

ፕሮካርዮትንና ዩካርዮትን በአንድ ስላይድ ላይ ለማሳየት የእንጀራ እርሾ የሚያክል ነገር የለም። ሊጡ ላይ የሚያቀረው ቢጫ ፈሳሽ ውስጥ የእርሾ ፈንገስና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አብረው ይኖራሉ። አንድ ጠብታ እርሾ በአሥር ጠብታ ውሃ አቅጥነው፣ ከዚያ ላይ አንድ ጠብታ ወስደው በባለ 40 ሌንስ ይመልከቱ። ከ5 እስከ 8 ማይክሮሜትር የሚሆኑት የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው፣ አንዳንዶቹም ጎናቸው ላይ ትንሽ እምቡጥ ያበቀሉት ፈንገሶቹ ናቸው፤ ዩካርዮት ናቸው። ዙሪያቸውን ያሉት 1 ወይም 2 ማይክሮሜትር የሆኑት ነጥቦችና ዘንጎች ባክቴሪያዎቹ ናቸው። እዚህ ላይ የሚያሳስተው የጤፍ ስታርች ነው፤ የስታርቹ ቅንጣት ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ስለሆነ ፈንገስ ይመስላል። አዮዲን ጠብ ሲያደርጉ ስታርቹ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ ፈንገሱ ግን ቢጫ ቡኒ ሆኖ ይቀራል። ፈንገስ ካላገኙ የዳቦ እርሾ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው ግማሽ ሰዓት አቆይተው ትንሽ ይቀላቅሉበት። ነጥቦቹ ሲንቀጠቀጡ ማየት ደግሞ በሕይወት ለመኖራቸው ማስረጃ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ያለ ማንኛውም ደቃቅ ነገር፣ ስታርቹም ጭምር፣ ከውሃ ሞለኪውሎች ጋር በመጋጨት ይንቀጠቀጣል።

ለደም ጥያቄው በዓል ሰሞን ጥሩ ዕድል አለ። የዶሮ ቀይ የደም ህዋስ ሞላላ ሆኖ መካከሉ ላይ ኒውክለስ አለው፤ ርዝመቱ 12 ማይክሮሜትር ያህል ነው። የበግ ቀይ የደም ህዋስ ክብ ሆኖ ኒውክለስ የለውም፤ ስፋቱም ከ4 እስከ 5 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ የሰው ከ7 እስከ 8 ነው። አንድ ጠብታ ትኩስ ደም ሳይረጋ በ10 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ውስጥ ያድርጉ፤ ጨዉ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 0.9 ግራም መሆን አለበት። በተራ ውሃ ካደረጉት ህዋሱ ውሃ ጠጥቶ ይፈነዳል፣ የሚታየውም ቀይ ውሃ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ሜቲሊን ብሉ ጠብ ሲያደርጉ የዶሮው ኒውክለስ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ የበጉ ግን ባዶ ነው። ሁለቱም ዩካርዮት ናቸው። ተማሪው ይህን ካየ በኋላ «ኒውክለስ የለውም» ከሚለው ወደ «መቼ ጣለው» ወደሚለው ጥያቄ ይሸጋገራል። የግመልን ካነሳ ሞላላ ቢሆንም ኒውክለስ እንደሌለው ይንገሩት፤ ቅርጽ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። የተማሪ ጣት አይውጉ፤ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ በደም ይተላለፋሉ፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይህን መቆጣጠር አይቻልም። የእንስሳው ደም ጤነኛ ሆኖ ከታረደ እንስሳ ብቻ ይሁን፤ ታሞ ወይም በራሱ የሞተ እንስሳ ደም አባ ሰንጋ ሊኖረው ስለሚችል አይነካ። ጓንት ይደረግ፣ የተረፈው በረኪና ውስጥ ይግባ። የሰው ደም ማሳየት ካለባችሁ ቀልሞ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቋሚ ስላይድ ይግዙ።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ «ምንም አይታየንም» ከሚሉት ግማሹ ችግር ብርሃን በመብዛቱ የሚመጣ ነው። ቀለም የሌለው ህዋስ በጠራራ ብርሃን ይጠፋል። ከመድረኩ ሥር ያለውን ዳያፍራም (የብርሃን መጠን መቆጣጠሪያውን) እስኪጨልም ሳይሆን ጠርዞቹ ደመቅ እስኪሉ ድረስ ይዝጉት። ሁልጊዜ ከባለ 4 ሌንስ ይጀምሩ፤ ባለ 40ው ላይ ትልቁን ማስተካከያ ፈጽሞ አይንኩ፣ ሌንሱ ስላይዱን ሰብሮ ራሱም ይጫራል።

መጠን መለካትም ከባድ አይደለም። ግልጽ ማስመሪያ በባለ 4 ሌንስ ሥር አድርገው ክቡ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሰፋ ያንብቡ። 4.5 ሚሊ ሜትር ካነበቡ በባለ 10 ሌንስ 1.8፣ በባለ 40ው 0.45 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በባለ 10 ሌንስ ስድስት የሽንኩርት ህዋሳት በርዝመታቸው ክቡን ከሞሉት አንዱ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 300 ማይክሮሜትር ነው። ተማሪው ይህን ቁጥር ከራይቦዞም 25 ናኖሜትር ጋር ሲያካፍለው 12 ሺህ ያገኛል፤ ለምን እንዳላየው ያኔ በራሱ ሂሳብ ይረዳል።

ለአዲሱ ማይክሮስኮፕ የታሰበው ገንዘብ በዚህ ላይ ይዋል፦ አንድ ጠርሙስ ሜቲሊን ብሉ፣ አዮዲን፣ በርካታ ከቨር ስሊፕ፣ የሰው ደምና የባክቴሪያ ቋሚ ስላይዶች፣ የሌንስ ወረቀት፣ ለባለ 100ው ሌንስ የሚሆን የማይክሮስኮፕ ዘይት። ከተረፈ እንደ አሁኑ ያለ ሁለተኛ ማይክሮስኮፕ ይግዙ፤ ሃምሳ ተማሪ በአንድ መሣሪያ ላይ ሲሰለፍ እያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው፣ በአንድ ደቂቃ ደግሞ ዓይን ገና አይለምድም። ባለ 100ውን ያለ ዘይት አይጠቀሙበት፤ በሌንሱና በመስታወቱ መካከል አየር ከገባ የሌንሱ ጥራት ይወድቃል። የምግብ ዘይት አይተካውም፣ ሌንሱ ላይ ደርቆ ይጣበቃል። ዘይት ካደረጉ በኋላ ወደ ባለ 40ው አይመለሱ፤ ሌንሱ ዘይቱ ውስጥ ይነከርና ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር በጉም ውስጥ ያሳያል። ሲጨርሱ ባለ 100ውን በሌንስ ወረቀት ብቻ ይጥረጉት፤ በሶፍትና በጨርቅ አይሁን፣ ይጭረዋል።